ዝምታው አያታልለን

በ2007 ዓ.ም. ክረምት ሎስ አንጀለስ እህቴ ዘንድ ሰነበትሁ። የእኛ የዝናብ ወቅት ለዚያች የባሕር ዳርቻ ከተማ ደረቅ በጋ ነው፤ በዚያ ላይ ካሊፎርኒያ ድርቅ ከገባ አራተኛ ዓመቱ ነበር። እህቴ ውኃ ለመቆጠብ ሣሩን ማጠጣት ስትተው፣ ከሣሩ ጋር ይጠጣ የነበረው ትልቁ የጃካራንዳ ዛፍ ጫፉ ደረቀ።

«ትልቅ ነው፣ ራሱን ይችላል ብዬ እኮ ነው» አለችኝ።

ውኃ የሚመጡት ቀጫጭን ሥሮች የሚበዙት ከግንዱ ርቀው፣ ከቅርንጫፎቹ ጫፍ በታችና ከዚያም ወዲያ ነው። ስለዚህ የውኃውን ጎማ ወደዚያ ስበን፣ በዝግታ እስኪሰርግ ለቀቅነው፤ መሬቱንም ግንዱን ሳናስነካ በእንጨት ፍቅፋቂ አለበስነው። በየቀኑ ከማርከፍከፍ አልፎ አልፎ በጥልቁ ማጠጣት ይበልጣል።

እናቶች ሆይ፣ ሕፃን ሲጠማው ያለቅሳል፤ አዛውንት ግን ችሎ ይቀመጣል። ያን ዕለት ማታ አዲስ አበባ ለእናቴ ስልክ ደወልሁ።