ክሩ ከሚያልቅበት ወዲያ፤ ወደ ናንዩኪ ያደረግነው ጉዞ

ከናይሮቢ ወደ ሰሜን ወጥቶ ናንዩኪ ወደምትባለው ከተማ የሚጓዝ ሰው 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። እኛም አንድ ማለዳ ማታቱ በሚባለው የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ተሳፍረን ተነሣን። ረዳቱ የመነሻውን ሰዓት በስዋሂልኛ ሲነግረን «ጧት በ12 ሰዓት» ብሎ ነበርና በዚህ ደስ አለን፤ ስዋሂልኛ ተናጋሪዎች ሰዓቱን እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው ስለሚቈጥሩ፥ እንግዳው ሰው ከመኪናው እንዳይቀር ልዩ ስሌት አያስፈልገውም።

ቲካንና ሳጋናን አልፈን በገበያዋ ወደ ታወቀችው ወደ ካራቲና ስንደርስ ሙዝና ካሮት የያዙ ሴቶች በመስኮቱ በኩል ከበቡን። ከዚያ ወዲያ ደመናው ለጥቂት ጊዜ ገለጥ ሲል የኬንያ ተራራ ታየን። ከፍታው 5,199 ሜትር ሲሆን በአፍሪቃ ከኪሊማንጃሮ ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። ናንዩኪ ከመግባታችን ጥቂት ቀደም ብሎ የምድር ወገብ የሚያልፍበት ቦታ በሰሌዳ ተጽፎ ይታያል። በዚያም ወጣቶች ሥሩ የተበሳ ሳሕን ይዘው፥ ውሃው ከመስመሩ ወዲህ በቀኝ፥ ከመስመሩ ወዲያ በግራ እየዞረ ሲፈስ ለመንገደኛው ያሳያሉ። የምድር መዞር በአንድ ሳሕን ውሃ ላይ ይህን ያህል ኀይል እንደሌለው ብናውቅም ነገሩን ለማንሣት አልደፈርንም፤ ልጆቹ እንጀራቸው ይኸው ነውና ከፍለን አለፍን።

የናይሮቢ ባቡር በዚህ አቅጣጫ የሚያልቀው ናንዩኪ ላይ ነው። ከጣቢያው ወዲያ ሐዲድ የለም፤ የላይኪፒያ ሜዳ፥ የከብት እርባታ ሰፋፊ ይዞታና የአርብቶ አደሩ ምድር ይጀምራል። በ2019 በተደረገው ቈጠራ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የላይኪፒያ ካውንቲ ሕዝብ ከግማሽ ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን፥ ከከተማዎቹ ወጣ ሲባል አንዱ መንደር ከሌላው ተራርቆ የሰፈረ ነው። የመጣንበትም ጉዳይ ይኸው መራራቅ ነበር። «የመንግሥትና የግል አጋርነት» የሚለውን ቃል በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ጽፈነዋል፤ ፈጣን ኢንተርኔት ወደ ገጠር ሲገባ ቃሉ በመሬት ላይ ምን እንደሚመስል ግን በዐይናችን አላየንም ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ከባሕር ነው። እስከ 2009 ድረስ ኬንያ ከዓለም ኢንተርኔት ጋራ የምትገናኘው በሳተላይት ስለ ነበረ ዋጋው ውድ፥ ፍጥነቱም ዘገምተኛ ነበር። በዚያ ዓመት ቲምስ የተባለው ገመድ ከዓረብ ኤሚሬቶች ከፉጃይራ ተነሥቶ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል በባሕር ወለል ተዘርግቶ ሞምባሳ ደረሰ። ያስዘረጉትም የኬንያ መንግሥት፥ የአገሩ የቴሌኮም ኩባንያዎችና ኤቲሳላት የተባለው የኤሚሬቶች ኩባንያ በማኅበር ሆነው ነው። ከሞምባሳ ወደ መሀል አገር ደግሞ መንግሥት ኖፍቢ የተባለውን ብሔራዊ መስመር አስቈፍሮ ዘረጋና እንዲያስተዳድረው ለቴልኮም ኬንያ ሰጠ። የ2010 ሕገ መንግሥት አገሪቱን በ47 ካውንቲ ከከፈለ በኋላም መስመሩ ወደ ካውንቲዎቹ ዋና ከተሞች እንዲደርስ የሁለተኛው ደረጃ ሥራ ታቀደ።

ይህ መስመር ፋይበር የሚባለው ነው፤ እንደ ፀጕር የቀጠነ የመስታወት ክር ሲሆን መልእክቱ በውስጡ የሚሮጠው በብርሃን ነው። የክሩ ዋጋ የሚያስፈራ አይደለም። የሚያስፈራው ጕድጓዱ ነው። ለአንድ ሺሕ ቤት የሚቈፈረውና ለዐሥር ቤት የሚቈፈረው ጕድጓድ በአንድ ኪሎ ሜትር የሚጠይቀው ድካም እኩል ነው፤ የሚሰበሰበው ክፍያ ግን እኩል አይደለም። ስለዚህ ነጋዴው ክሩን ይዞ እስከ ከተማው ጫፍ ይመጣና ይቆማል። በዚህም አንፈርድበትም፤ ንግድ ነውና። መንግሥት ደግሞ ዋና ከተማውን ካገናኘ በኋላ ሪባን ቈርጦ ይመለሳል። በሁለቱ መካከል የሚቀረው የመጨረሻው 20 ኪሎ ሜትር ነው፤ እረኛውም፥ አስተማሪውም፥ ነርሷም የሚኖሩት በዚያ ውስጥ ነው።

በናንዩኪ አካባቢ ለዚህ የተሞከረው መላ እንዲህ ነው። ለቴሌቪዥን ከተመደቡት የአየር ሞገዶች መካከል በገጠሩ ማንም የማይጠቀምባቸው ብዙ ናቸው፤ ባዶ ወንበር እንደ ማለት ነው። እነዚህ ሞገዶች በየቤቱ ከምናውቀው ከዋይፋይ ሞገድ ይልቅ ሩቅ ይሄዳሉ፤ ዛፍና ጕብታም ያን ያህል አያግዳቸውም። በ2013 የኬንያ የማስታወቂያና መገናኛ ሚኒስቴር፥ ማይክሮሶፍትና ኢንዲጎ ቴሌኮም ተባብረው ባዶዎቹን ሞገዶች ለኢንተርኔት ማዋል ጀመሩ። ምሰሶዎቹ የሚሠሩት በፀሓይ ኀይል ነው። መጀመሪያ ካገናኟቸው መካከል ትምህርት ቤቶች፥ የሕክምና ጣቢያና የሕዝብ መጻሕፍት ቤት ይገኙባቸዋል። በሐምሌ 2015 የማይክሮሶፍት ዋና ሥራ አስኪያጅ ሳትያ ናዴላ ሥራውን ለማየት እስከ ናንዩኪ መጥቶ ነበር። ሙከራውም ውሎ አድሮ ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆነ።

ስሙ ማዊንጉ ነው። እኛ በትግርኛ ደበና የምንለውን አማርኛው ደመና ይለዋል፤ ስዋሂልኛው በብዙ ቍጥር ማዊንጉ ይላል። አማርኛ በመማር ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ሦስቱን አንድ ላይ ብትይዟቸው አይከብዳችሁም። በፀሓይ የሚሠራ ነገር ደመና ተብሎ መጠራቱ አስቆን ስለ ነበር ከከተማው ወጣ ብሎ ላገኘነው አስተማሪ ይህንኑ ነገርነው። አስተማሪው ግን ሳይሥቅ፥ «በዝናቡ ወራት ስሙ ይገባችኋል» አለን።

መንግሥት በዚህ ሥራ ያዋጣው ትልቁ ነገር ሲሚንቶም ገንዘብም አልነበረም፤ ፈቃድ ነበር። የአየር ሞገድ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ባዶውን ሲቀመጥ ለማንም አይጠቅምም፤ ተበድሮም አይገዛም። እንዲህ ያለውን መዋጮ የበጀት ሠራተኛ በመዝገቡ የሚያሰፍርበት ዓምድ ስለሌለው ብዙ ጊዜ ሳይታይ ይቀራል። በእኛ አስተያየት ግን ከሌላው ሁሉ የሚበልጠው ይኸው ነው፤ ስለዚህም ሲሰጥ ምን ተቀብሎ እንደ ሰጠ መጠየቅ ይገባል።

በዚያው ትምህርት ቤት 20 ያህል ልጆች በሦስት ኮምፒውተር ዙሪያ ተሰብስበው የባዮሎጂ ትምህርት ያዩ ነበር። ይህን ስናይ የተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ትዝ አለን። ደኅና መጻሕፍት ቤት ነበረው፤ ቍልፉ ግን ከአንድ አባ መቀነት ላይ አይለይም ነበርና አባ ለጕዳይ ወደ ከተማ የሄዱ እንደ ሆነ መጽሐፉ ሁሉ አብሯቸው የሄደ ያህል ነበር።

ከትምህርት ቤቱ ወዲያ የመኪና መንገዱ ይበላሻል። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከተጓዝን በኋላ ከአንዲት ትንሽ የሕክምና ጣቢያ ደረስን። በሩ ተዘግቶ፥ በካርቶን ላይ በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ ተሰቅሎበታል። አብሮን የመጣው ሰው ሲተረጕምልን፥ «ነርሷ ሪፖርት ልታደርስ ሄዳለች፤ ነገ ትመጣለች» የሚል ነበር። ኬንያ ከ2011 ጀምሮ የጤና ሪፖርቷን ከመላው አገር በኢንተርኔት ትሰበስባለች፤ አሠራሩም የተመሰገነ ነው። ነገር ግን ኢንተርኔት ያልደረሰበት ጣቢያ ወረቀቱን ሞልቶ፥ የሚመዘግብለት ወዳለበት ቢሮ ተሸክሞ መሄድ አለበት። ስንት ሕፃን እንደ ተከተበ ለመንገር ክትባቱ አንድ ቀን ይቆማል ማለት ነው። ከበሩ አጠገብ ሕፃን ያዘለች ሴት ተቀምጣለች። ማስታወቂያውን ማንበብ አልቻለችም ነበርና የነገርናት እኛ ነን። ከየት እንደ መጣች ስንጠይቃት በእጅዋ አድማሱን አመለከተችን።

ከዚያች ጣቢያ ወደ ናንዩኪ ስንመለስ ኮረብታ ላይ አንድ ምሰሶ አየን። የፀሓይ ሰሌዳው ተነቅሏል፤ ምሰሶው ላይ ወፍ ሠፍሮበታል። የማን እንደ ነበረ ተነገረን፤ ስሙን መጥቀስ ግን ለአንባቢ የሚጨምረው ነገር የለም። በከተማው አንድ የአስተዳደር ባልደረባ ሻይ ጋብዞን ነበርና ምሰሶው አሁን የማን እንደ ሆነ ጠየቅነው። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፥ «ማን እንደሚተክለው በውሉ ተጽፏል፤ የተከለው ሲሄድ ማን እንደሚረከበው ግን አልተጻፈም። ውሉን ስንፈርም የሚሄድ አልመሰለንም» አለን። «እርስዎ ፈርመው ነበርን?» ብንለው «ምስክር ነበርኩ» ብሎ ሣቀ። ሻዩንም አስደገመልን።

መሄድስ ትልቆቹም ይሄዳሉ። ሉን የተባለው የጉግል እኅት ኩባንያ ከቴልኮም ኬንያ ጋራ ሆኖ በሐምሌ 2020 ወደ 35 የሚጠጉ ፊኛዎች 20 ኪሎ ሜትር ያህል ከምድር አስነሥቶ፥ በምዕራብና በመካከለኛው ኬንያ 50,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ለሚጠጋ ምድር ኢንተርኔት ከሰማይ ያወርድ ጀመር። ዓለም ሁሉ ተደነቀ። በጥር 2021 ባለቤቱ አዋጭ የንግድ መንገድ አላገኘሁለትም ብሎ ሥራው እንዲዘጋ ወሰነ፤ ፊኛዎቹም ወረዱ። ፊኛ ከወረደ በኋላ በምድር ላይ የሚቀር ነገር የለም። ጕድጓድ ግን ይቀራል፤ ምሰሶም ተረካቢ ካገኘ ይቀራል። ኬንያ የቴሌኮም ኩባንያዎች ከዓመታዊ ገቢያቸው ከ1,000 ሽልንግ 5 ሽልንግ ለሁሉን አቀፍ አገልግሎት ፈንድ እንዲከፍሉ በሕግ አድርጋለች። የተተወ ምሰሶ ሁለተኛ ሰው የሚያገኘው ከእንዲህ ያለው ገንዘብ ይመስለናል፤ ባልደረባውም በዚህ አልተከራከረንም። ጥያቄውን ማቅረብ ያለበት የትኛው ቢሮ እንደ ሆነ ብቻ አልተስማማንም፤ ይህንንም እኛ የመንግሥት ሠራተኞች እርስ በርሳችን የምንግባባበት ነገር ነው።

ይህን ሁሉ ለኬንያ ጕዳይ ብቻ ብለን አልጻፍነውም። በአገራችን ለረዥም ዘመን ኢትዮ ቴሌኮም ብቻውን ይሠራ የነበረው ሥራ በ2021 ተከፈተና በሳፋሪኮም የሚመራው ማኅበር ፈቃድ አግኝቶ በጥቅምት 2022 አገልግሎቱን በይፋ ጀምሯል። የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅም ከ2018 ጀምሮ አለን። እንግዲህ ውል የሚያረቅቀው ሰው ከእናንተው መካከል ሊሆን ይችላልና፥ በካርቶን የተጻፈውን ያን ማስታወቂያ ብታዩት ባልን።

ማታ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሰን ስናልፍ ክፍሎቹ ተዘግተው ነበር። በአጥሩ በስተውጭ ግን ወጣቶች፥ ሁለት ነጋዴ ሴቶችና አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ስልካቸውን ይመለከታሉ፤ ሞገዱ አጥር አያውቅምና እስከዚያ ይደርሳል። ዘበኛው ካፖርቱን ደርቦ ከበሩ ቆሟል። ለምን እንደማያባርራቸው ስንጠይቀው፥ ማባረር የታዘዘው ከብት ብቻ እንደ ሆነ ነገረን። ባትሪው በ3 ሰዓት እንደሚጠፋና ያን ጊዜ ሁሉም በየመንገዱ እንደሚሄድ ጨምሮ ነገረን፤ ሽማግሌው ግን ልጁ ከሞምባሳ እስኪጽፍለት ድረስ አይነሣም ነበርና፥ እኛ መኪና ስንሳፈር የስልኩ ብርሃን ፊቱን አብርቶት ገና እዚያው ተቀምጦ ነበር።