ከጠመንጃ ያዥ በርሜል እስከ ላንጋኖ፦ በአንድ ትንፋሽ መረጋጋት

ያደግኩት ልደታ፣ ጠመንጃ ያዥ ነው። ስሙ የድሮውን መሣሪያ ተሸካሚዎች እንጂ ባሕርን አያስታውስም። እኛ ቤት ውሃ ማለት ሰማያዊ በርሜልና ቢጫ ጀሪካን ነበር። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ እማዬ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቧንቧውን ድምፅ ሰምታ "ተነሱ፣ ውሃ መጣ!" ስትለን ዓይናችንን እያሸን እንሰለፍ ነበር። ስለ ወንዝና ሐይቅ ግን ምክሯ አንድ ብቻ ነው፤ "ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።"

በዚህ ምክር ተጠብቄ ሠላሳ ዓመት አለፈኝ፤ ከጉልበቴ በላይ ውሃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም ነበር። የከፈልኩበት ዋጋ የገባኝ የሰባት ዓመቱ ልጄ በጓደኛው ልደት ላይ ገንዳ ዳር ቆሞ "እኔ እሰምጣለሁ" እያለ ሲያለቅስ ነው። ቃሉ የእኔ ነበር። ፍርሃቴን እንደ ውርስ አስረክቤዋለሁ።

መፍትሔው ካልጠበቅኩት ቦታ መጣ። ዱባይ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ስትመጣ "ፍሪዳይቪንግ ተማርኩ" አለችን። ያለ አየር ሲሊንደር፣ በአንድ ትንፋሽ ብቻ ውሃ ውስጥ መጥለቅ ማለት ነው። እዚያ ከተማ 60 ሜትር ጥልቀት ያለው የመጥለቂያ ገንዳ እንዳለ ስትነግረን እማዬ አማተበች። እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ንግግሯ ነው። "ባሕር ውስጥ ስወርድ ጭንቅላቴ ዝም ይላል" አለች። በወር መጨረሻ ሪፖርትና በማያባራ ስልክ መካከል ለምኖር ለእኔ፣ ዝም የሚል ጭንቅላት ከባሕሩም በላይ ሩቅ ነበር።

ባሕር የለንም፤ ላንጋኖ ግን አለን። ቅዳሜ ማለዳ ቁርሳችንን በምሳ ዕቃ ይዘን ከጠመንጃ ያዥ ተነሣን፤ እማዬም አብራን። በሞጆ ታጥፈን፣ መቂ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት ገዝተን፣ ባቱን አልፈን 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዝን። ሐይቁ በውስጡ በተንሳፈፈው ደቃቅ ደለል ምክንያት ማኪያቶ ይመስላል። ልጄ "ቆሻሻ ነው?" አለ። "አይደለም፣ መልኩ ነው" አልኩት።

የአክስቴ ልጅ ወገባችን ድረስ በሚደርስ ውሃ ውስጥ አጠገቤ ቆመች። መጀመሪያ በሆዴ ቀስ ብዬ እንድተነፍስ አደረገችኝ። ከዚያ ትንፋሼን ይዤ ፊቴን ነከርኩ። በስምንት ሰከንድ ደንግጬ ወጣሁ።

"አየር አልቆብሽ አይደለም" አለችኝ። "ተንፍሺ፣ ተንፍሺ" የሚለን ስሜት በዋናነት የሚመጣው ኦክስጅን በማለቁ ሳይሆን በደማችን ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመጨመሩ ነው። ፊታችን ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካና ትንፋሻችንን ስንይዝ ደግሞ የልብ ምታችን በራሱ ይቀንሳል። ሰውነታችን ሳናዝዘው የሚያደርገው ነው፤ ዓሣ ነባሪና ዶልፊንም ይህ አላቸው።

ሦስተኛው ሙከራ ላይ እጆቼን ለቀቅኩ። ተንሳፈፍኩ። ከፊቴ ቡናማ ጨለማ ብቻ ነበር። መጀመሪያ የልቤን ምት ሰማሁ፤ ቀጥሎ እየራቀ፣ እየዘገየ ሲሄድ ሰማሁት። ሪፖርቱም ስልኩም ጠፉ። ስወጣ ልጄ ዳር ላይ ሆኖ ጮክ ብሎ ይቆጥር ነበር፤ "አርባ አንድ!" አለ። ከዚያ ጫማውን አወለቀ።

በዚያ ቀን አልጠለቀም፤ አልዋኘምም። እጄን ይዞ ደረቱ ድረስ ገባ፣ ፊቱን ለአፍታ አርጥቦ ወጣና ሳቀ። ለእኔ ከየትኛውም ጥልቀት ይበልጣል።

እናንተም ብትሞክሩ አንድ ነገር አትርሱ፤ የእማዬ ተረት ሐሰት አይደለም። ትንፋሽ መያዝን በቤት ገንዳም ቢሆን ብቻችሁን አትለማመዱ፤ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ቆሞ ይያችሁ። ከመግባታችሁ በፊት በፍጥነትና በተደጋጋሚ አትተንፍሱ፤ የማስጠንቀቂያውን ስሜት ስለሚያጠፋ ሰው ሳይታወቀው ራሱን ሊስት ይችላል። ልጆችም "ማን ብዙ ይቆያል?" እያሉ እንዳይወዳደሩ ተቆጣጠሩ። መጀመሪያ ዋና ይማሩ። የእኔ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ጀመረ፤ እኔም አብሬው ተመዝግቤያለሁ።

ማታ ጠመንጃ ያዥ ስንገባ ቧንቧው ይንጎራጎር ነበር። እማዬ በርሜሉን ከፈተች። ልጄ አጎንብሶ ፊቱን ሊነክር ሲል ጆሮውን ያዘችው፤ "ይሄ የመጠጥ ነው!" ትንሽ ዝም አለችና ወደ እኔ ዞራ "ለመሆኑ፣ ውስጡ ምን ይሰማል?" አለችኝ።