ሁሉን የሚጽፍ ዘበኛ

ሸጎሌ፣ ከአውቶቡስ ዴፖው ብዙም ሳይርቅ የነበረው ቢሯችን በር ላይ መዝገብ የያዙ ዘበኛ ነበሩ። ጋሼ የማይጽፉት ነገር አልነበረም። ሻይ የምታመላልሰው ልጅ አስር ጊዜ ከገባች አስር ጊዜ ትጻፋለች። ኳሱ አጥር ዘሎበት የገባ የሰፈር ልጅም ይጻፋል። አንድ ቀን የጀነሬተሩ ባትሪ ጠፋ። "ጋሼ፣ ትናንት ማን ማን ወጣ?" ስንላቸው መዝገቡን በኩራት ዘረጉልን። ለአንድ ቀን አስራ አንድ ገጽ! ሶስተኛው ገጽ ላይ ስንደርስ ደክሞን ተውነው።

ያን ቀን በጣም ስቄያለሁ። እኔ የማስተዳድረው ሰርቨር ከጋሼ የባሰ መሆኑን ያወቅኩት ግን ኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰርቨራችን በሊኑክስ የሚሰራ ሲሆን ፋየርዎል አለው። ፋየርዎል ማለት ማን ይግባ ማን ይቅር የሚል የበር ህግ ነው። ሊኑክስ ደግሞ ኦዲት የሚባል መዝገብ ጸሀፊ አለው፤ የበሩ ህግ በተነካ ቁጥር ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ፕሮግራም እንደነካው ይጽፋል። እስከዚህ ድረስ ምን ይወጣለታል!

ችግሩ የመጣው ከኔ ነው። አስቸጋሪ አድራሻዎችን የሚያግድ ትንሽ ስክሪፕት ጽፌ ነበር። በየአምስት ደቂቃው ይነሳና የድሮውን ዝርዝር ደምስሶ 300 ያህል አድራሻዎችን አንድ በአንድ እንደገና ያስገባል። እያንዳንዷ ማስገባት ለኦዲት አንድ የህግ ለውጥ ናት። አስሉት እንግዲህ፦ በቀን ከ86 ሺህ በላይ "የፋየርዎል ለውጥ" ማለት ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ ደግሞ ሁለት ሶስት መስመር ይጻፋል። ይህን አይቼው አውቃለሁ። "ይጻፍ፣ ምን ይጎዳል?" ብዬ ተውኩት።

የሚጎዳው ይኸውላችሁ። በብዙ ሊኑክሶች ላይ የኦዲት መዝገብ ሳይነኩት ሲቀር ባለ 8 ሜጋባይት አምስት ፋይል ይይዛል፤ በድምሩ 40። ሲሞላ የድሮውን ደምስሶ በላዩ ይጽፋል። በኔ ስክሪፕት ጩኸት 40 ሜጋባይት አንድ ቀን እንኳ አይቆይም። መዝገባችን የትናንት ወዲያን አያውቅም ማለት ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት የዳታቤዛችን በር ለመላው ኢንተርኔት ተከፍቶ ተገኘ። ማን ከፈተው? የይለፍ ቃሉ ያለን ሶስት ሰዎች ነበርን፤ እኔ፣ አልፎ አልፎ የሚመጣው ቴክኒሻንና አዲሷ የስራ ባልደረባዬ። አለቃችን "ሎጉን አምጡ" አሉ። አመጣሁ። ከእሁድ ጀምሮ የተጻፈው ሁሉ የኔ ስክሪፕት ነበር። በሩ የተከፈተው ከዚያ በፊት ነው።

"እኔ አልነካሁትም፤ መዝገቡ ላይ እኮ ይኖራል" አለችኝ። አልነበረም። አዲስ ስለሆነች የጽሁፍ ማስጠንቀቂያው ለእሷ ተሰጠ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ውሏ አልታደሰም። ማን እንደከፈተው ዛሬም አላውቅም። ከልቤ ልንገራችሁ፣ እኔ ራሴ ለሙከራ ከፍቼ ረስቼው ሊሆን ይችላል። የሚያጸዳት መስመር አንድ ቀን ተጽፎ ነበር፤ ጩኸቱ አጠበው።

መዝገብ ዋጋ እንዳለው ሁላችንም አይተናል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በአንድ ሌሊት ሲሳሳት፣ ከሂሳባቸው በላይ ያወጡትን ባንኩ ኋላ በስምና በፎቶ እስከመለጠፍ የደረሰው እያንዳንዱ ብር የወጣበት ዱካ ስለተገኘ ነው። ዱካ ባይኖር የሚቀረው ጥርጣሬ ብቻ ነበር። ጥርጣሬ ደግሞ ሁልጊዜ የሚያርፈው ደካማው ላይ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የመጀመሪያው ፈተና የኦዲትን አፍ መዝጋት ነው። በአንዲት ትእዛዝ "የፋየርዎል ለውጥ አትጻፍ" ማለት ይቻላል። ይህ ዘበኛውን አይኑን እንደማሰር ነው። ትንሽ የሚሻለው በሰው ስም ያልተገባበትን፣ ማለትም ፕሮግራሞች በራሳቸው ያደረጉትን ለውጥ ብቻ መተው ነው። ነገር ግን ሌባም በአንድ ፕሮግራም ቀዳዳ ከገባ ልክ እንደ ፕሮግራም ስም የለሽ ሆኖ ነው የሚታየው።

እኔ በመጨረሻ የነካሁት ጸሀፊውን ሳይሆን ስክሪፕቴን ነው። አድራሻዎቹን ወደ አንድ አይፒሴት አዛወርኳቸው፤ ፋየርዎሉ "በዚህ ስብስብ ያለ አይግባ" የሚል አንድ ህግ ብቻ ቀረው። ስብስቡ ውስጥ ስም ሲጨመርና ሲቀነስ የበሩ ህግ አይነካም፣ ኦዲትም አይጮህም። መዝገቡንም በየጊዜው ወደ ሌላ ማሽን እንዲላክ አደረግኩ። አሁን የፋየርዎል ለውጥ የሚጻፈው በሳምንት ጥቂት ጊዜ ነው፤ እያንዳንዷንም አነባታለሁ።

የከርነሉ ሰዎችም ቢሆኑ ይህ ራስ ምታት ሳያገኛቸው አልቀረም። ኤንኤፍቴብልስ ለሚባለው አዲሱ ፋየርዎል በየዝርዝሩ ይጻፍ የነበረውን እ.ኤ.አ. በ2021 ለአንድ ሰንጠረዥ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲጻፍ አድርገውታል።

ለማንኛውም፣ ለባልደረባዬ ደውዬ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና "ያኔ ብታስተካክለው ኖሮ" አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ጋሼም አሁን የሻይ ልጇን መጻፍ ትተዋል አሉ። የሚጽፉት እንግዳና ከግቢ የሚወጣ እቃ ብቻ ነው። ባትሪው ግን እስከዛሬ አልተገኘም።