ከአንኮበር አፋፍ ያመጣነው ጭኮና ብርዝ

ከምሳ በኋላ ለልጆቻችሁ የሚጣፍጥ ነገር ስትፈልጉ እጃችሁ ወደ ሱቅ ብስኩትና ወደ ለስላሳ ጠርሙስ የሚሄድ ቢሆን አልፈርድባችሁም። ከሥራ መልስ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ የመሸባትን እናት ገብስ ቁዪ ማለት ግፍ ነው። የእኔም ቤት ከዚህ የተለየ አልነበረም። ዛሬ የማወጋችሁ በ2011 ዓ.ም. በወርኀ ጥቅምት ከልጄ ጋር ወዳደግሁበት የገበሬ ቤት ስላደረግነው ጉዞ፣ ከዚያም በወረቀት ጽፈን ስላመጣነው የጭኮ፣ የብርዝና የተልባ አሠራር ነው።

አገሩ አንኮበር ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ እንደነበረች በትምህርት ቤት ተምራችኋል። ለእኔ ግን አንኮበር ማለት ከቆላው ወደ ገደሉ አፋፍ የሚወጣው ጭጋግና ከጭጋጉ ውስጥ የሚሰማው የጭላዳ ዝንጀሮ ጩኸት ነው። ገብሱ ሲያሽት ዝንጀሮ መጠበቅ የእኛ የልጆቹ ሥራ ነበር። ማለዳ ስንወጣ እናቴ ጡጫ የምታህል ጭኮ በነጠላዬ ጫፍ ትቋጥርልኛለች፤ እሷ ደመወዜ ነበረች። ቀትር ሳይደርስ አልቃ ቋጠሮውን እልሰው ነበር።

በመንገዳችን ሸኖ ወርደን ቅቤ ገዛን። በነገራችን ላይ፣ «የሸኖ ለጋ» እየተባለ ከተማችን ውስጥ የሚሸጠው ሁሉ ሸኖን አይቶ የመጣ እንዳይመስላችሁ።

እናቴ ካረፈች ቆይታለች። በዚያ ጓሮ የቀረችው አክስቴ ብቻ ነበረች፤ እሷንም ሞራ ዓይኗን ጋርዷት እጇ እየዳሰሰ ነበር የሚሠራው። ልጆቿ ከተማ ገብተዋል። ዝንጀሮ የጠበቅሁበት ማሳ ግማሹ ባሕር ዛፍ ሆኖ አገኘሁት። ባሕር ዛፍ አራሽና አጫጅ አይፈልግም፣ ብር ያመጣል፤ በማን ላይ እፈርዳለሁ? ይሁን እንጂ ለልጄ «እዚህ ነበር የምቀመጠው» ብዬ የማሳያት ድንጋይ ጠፍቶብኝ ብዙ ዞርኩ።

ጭኮ ለመሥራት ቤቴ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም ጊዜ እንደ አሸዋ ተበትኖብኛል። ጥፋቱን በከተማው ቅቤ ሳላክክ ኖሬ አክስቴ አንድ ጊዜ ጠይቃኝ ደረሰችበት። ቅቤውን ከእሳት እንዳወረድኩት በትኩሱ፣ ባንድ ጊዜ እገለብጠው ኖሯል።

ልጄ ብርጭቆና እርሳስ ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ዱቄቱ ስንት ብርጭቆ ነው?»

«ብርጭቆ ምን ያደርግልኛል የኔ እናት? እጄ ያውቀዋል።»

ልጄ ግን አልተበገረችም። አክስቴ በዘገነች ቁጥር እፍኙን በብርጭቆ እየተቀበለች ለካችው። ስምንት እፍኝ ዱቄት አራት የሻይ ብርጭቆ ሞላ፤ የቀለጠው ንጥር ቅቤ አንድ ብርጭቆ ከሩብ ሆነ። አሠራሩም እንዲህ ነው፦ ገብሱ በውኃ ራስ ራስ ተደርጎ በሙቀጫ ይፈተጋል፤ ገለባው በሰፌድ ተነፍሶ ፍሬው ይደርቃል፤ በለዘብተኛ እሳት ቡናማ እስኪሆን ይቆላና ልሞ ይፈጫል። እናንተ የተፈተገ ገብስ ከገበያ ገዝታችሁ ቆልታችሁ ወፍጮ ቤት ብትሰጡ ይበቃል። በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረው ቅቤ ለብ ሲል ጨው ከተጨመረበት ዱቄት ላይ ጥቂት በጥቂት እየፈሰሰ ይታሻል። በመዳፋችሁ ጨብጣችሁ ስትለቁት ካልተበተነ ደርሷል። ለልጆች ሲሆን አክስቴ በመጨረሻ ማር ጠብ ታደርግበታለች። ውኃ ስለሌለበት ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ብዙ ሳምንት ይቆያል፤ እርጥብ ማንኪያ ብቻ አታስገቡበት።

ብርዙ ቀላል ነው። አንድ ብርጭቆ ማር ፈልቶ ለብ ባለ አምስት ብርጭቆ ውኃ ይበጠበጥና ሰፈፉ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል። ተከድኖ ቀዝቃዛ ቦታ ያድርና በማግስቱ ይጠጣል። ከዚያ በላይ ከቆየ መፍላት ይጀምራልና ለልጅ አይሰጥም። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ማር በምንም መልክ፣ በብርዝም ሆነ በጭኮ፣ አትስጡ፤ ለሕይወት የሚያሰጋ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል። ይህን እናቶቻችን አያውቁም ነበር።

ተልባው ሲንጣጣ እስኪሰማ ለስለስ ባለ እሳት ታምሶ ይወቀጣል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ተበጥብጦ ሲረጋ ይጠለልና በማር ይጠጣል። የተወቀጠ ተልባ ቶሎ ስለሚሻግት ለጥቂት ቀን የሚበቃችሁን ብቻ ውቀጡ።

ስንሰናበት አክስቴ የልጄን እጅ ይዛ መዳፏን በጣቷ ዳበሰችና «ትንሽ ናት፤ አንቺ ዐሥር እፍኝ አድርጊ» አለቻት። በ2013 ዓ.ም. አክስቴ ዐረፈች። ቅቤ የጠጣችው ወረቀት ወጥ ቤታችን በር ላይ ተለጥፋለች፤ «ስምንት» የሚለው ተሰርዞ በልጄ እጅ «ዐሥር» ተብሎ ተጽፎባታል። ባለፈው ወር ልጄ ጭኮ ስታሽ አይቼ ስንት እፍኝ እንዳደረገች ብጠይቃት ዘጠኝ አለችኝ። እጇ አድጓል።