ሁለት ቅጂ

ቤት የገጣጠምኩት የፋይል ሰርቨር ሁለት ባለ 500 ጊጋባይትና አንድ ባለ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ አለው። በሊኑክሱ ቢቲአርኤፍኤስ ሁሉም ነገር በሁለት ዲስክ ላይ ይጻፋል፤ መጠናቸው ባይመጣጠንም ግድ የለውም። ግማሹ ቦታ ይበላል፣ ይሁን! አንዱ ዲስክ ቢሞት የእማዬ ፎቶዎች ይተርፋሉ።

ሁለቱ ቅጂዎች ባይስማሙስ? እኛ የውጫሌ ልጆች ይህን ጣጣ እናውቀዋለን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17፣ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መገናኘታቸውን በአማርኛው ለፈቃዳቸው ሲተው፣ በጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። መዘዙ ዓድዋ ድረስ ሄደ።

ተራ ሬይድ 1 ቅጂዎቹ መለያየታቸውን እንጂ የትኛው ትክክል እንደሆነ አያውቅም። ቢቲአርኤፍኤስ ግን በያዘው ቼክሰም የተበላሸውን ለይቶ በደህናው ይተካል። ሌባ ሳጥኑን ከነዲስኩ ቢወስደው ግን ምን ይበጃል? ሦስተኛውን ቅጂ ደሴ እህቴ ጋ አስቀምጫለሁ።