የበረንዳው ዋጋ

ሰው ገንዘቡን በምን ላይ ማዋል እንደሚገባው ለሌላው መምከር ቀላል ነው፤ ነገሩ በራስ ቤት ሲደርስ ግን ምክሩ ሁሉ ከአፍ ይጠፋል። እኛም ስንት ዘመን በጥቍር ሰሌዳ ፊት ቆመን ሒሳብ ስናስተምር ኖረን፥ በ2016 ዓ.ም. ተራ የሚመስል የቤተ ሰብ ሒሳብ ቢቀርብልን መልሱን አሳስተን ተገኘን። የተሳሳትነውም በማባዛት ወይም በማካፈል አልነበረም። የተወደዳችሁ አንባብያን፥ ስሕተታችንን ብናወራላችሁ ምናልባት ከእኛ በኋላ የሚጓዘውን ሰው ይጠቅመው ይሆናል ብለን ይህን ጻፍን።

የምንኖረው በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ነው። ታናሽ እኅታችን በዚያው ከተማ የሆስፒታል ነርስ ናት፤ እናታችንም ከጎጃም መጥተው ከእርሷ ጋር መኖር ከጀመሩ ያን ጊዜ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ከሚያዝያ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ከሲያትል ወደብ ወደ አላስካ የሚመላለሱ ታላላቅ የሽርሽር መርከቦች አሉ። እኅታችን እነዚህን መርከቦች ባየች ቍጥር፥ «እማዬን አንድ ቀን በዚህ እወስዳታለሁ» ትል ነበር። እናታችን ከጣና በቀር በሰፊ ውሃ ላይ ተሳፍረው አያውቁም፤ ዕድሜያቸውም ሰባ አራት ደርሶ ጕልበታቸው ደክሟል። ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳንል ለሰኔ መጀመሪያ የሰባት ሌሊት ጕዞ ቈረጥን። ለእናታችንና ለእኅታችን አንድ ክፍል፥ ለእኛና ለባለቤታችን አንድ ክፍል ተያዘ፤ የእናታችንንም ወጪ እኅትና ወንድም እኩል ልንካፈል ተስማማን።

በእንዲህ ያለ መርከብ ላይ የመኝታ ክፍሎች በአብዛኛው አራት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያውና ርካሹ በመርከቡ ሆድ ውስጥ የሚገኝ መስኮት የሌለው ክፍል ነው። ሁለተኛው የማይከፈት መስኮት አለው። ሦስተኛው በር ከፍተው የሚወጡበት፥ ሁለት ወንበር የሚይዝ ትንሽ በረንዳ አለው። አራተኛው ባለሳሎን ሆኖ የባለጠጎች ነው። ዋጋውም የሚነገረው ለአንድ ሰው ሲሆን፥ አንዱን ክፍል ሁለት ሰዎች እንደሚይዙት ታስቦ ነው፤ ብቻውን የሚጓዝ ሰው ብዙውን ጊዜ የሁለት ሰው ያህል ይከፍላል። እኛ ሁለቱንም ክፍሎች መስኮት ከሌላቸው ያዝን።

ለጕዞው አምስት ሳምንት ሲቀረው ከመርከቡ ድርጅት በኢሜይል ደብዳቤ መጣ። በአንድ ሰው 520 ዶላር ብንጨምር ወደ ባለበረንዳ ክፍል እንደሚያዛውሩን፥ መልሱንም በሦስት ቀን ውስጥ እንድንሰጥ ይላል። ለአንድ ክፍል 1,040፥ ለሁለቱ 2,080 ዶላር መሆኑ ነው። እኅታችን ወዲያው ስልክ ደውላ፥ «ወንድም ጋሼ፥ ሁለቱንም እንቀይር» አለችን። እኛም «ቆይ፥ እስቲ ይታሰብ» ብለን ወረቀትና እርሳስ አወጣን።

ሰባት ሌሊት ከነቀኑ 168 ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ 56ቱ በእንቅልፍ ያልፋል። መርከቡ ጁኖ፥ ስካግዌይና ኬቺካን በሚባሉት የአላስካ ከተሞች ይቆማል። በመጨረሻውም ምሽት በካናዳ ቪክቶሪያ ለጥቂት ሰዓት ጎራ ይላል፤ ምክንያቱም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1886 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የሌላ አገር ሰንደቅ ዓላማ የያዘ መርከብ በአሜሪካ ወደቦች ብቻ መንገደኛ ይዞ እንዳይዞር ስለሚከለክል ነው። ለከተሞቹ ጕብኝት 35 ሰዓት፥ ለማዕድና ለልዩ ልዩ ጨዋታ 28 ሰዓት መደብን። የቀረው 49 ሰዓት ነው። የአላስካ አየር ብርድና ዝናብ የሚበዛበት ስለ ሆነ፥ በረንዳ ላይ የሚያስቀምጠው ሰዓት ከዚህ ውስጥ 20 ቢሆን ነው አልን። 1,040ን ለ20 ብናካፍል ለአንድ ሰዓት 52 ዶላር መጣ። አንድ ሰዓት በወንበር ለመቀመጥ 52 ዶላር!

ሌላም ምክንያት ነበረን። በቀድሞ ዘመን መርከቦች ማዕረግ ማለት የክፍል ስፋት ብቻ አልነበረም፤ ሰው በየትኛው ሰገነት ላይ እንደሚመላለስ፥ ከማን ጋር እንደሚበላ የሚወስን ነበር። ታይታኒክ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1912 ስትሰጥም ከአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች ከግማሽ የሚበልጡት ሲድኑ፥ ከሦስተኛው ማዕረግ የዳነው ከአራቱ አንዱ ያህል ብቻ ነበር። በዛሬዎቹ የሽርሽር መርከቦች ግን ለባለጠጎች ከተከለሉት ጥቂት ስፍራዎች በቀር ሰገነቱም፥ የምግብ አዳራሹም፥ ቲያትሩም የሁሉ ነው። መስኮት ከሌለው ክፍል የወጣው ሰው በላይኛው ሰገነት ቆሞ ያንኑ ተራራና ያንኑ ባሕር ያያል። እንዲያውም በረንዳ የሚያሳየው አንዱን ጐን ብቻ ሲሆን፥ ሰገነቱ ግራ ቀኙን ያሳያል።

ደግሞም በልጅነታችን የቆሎ ተማሪ ሳለን፥ ስድስት ሆነን በአንዲት ጎጆ ውስጥ፥ ደበሎ ለብሰን፥ መስኮት የሚባል ነገር ሳይኖረን አድረናል። ከዚያ የወጣ ሰው ነጭ አንሶላና ሙቅ ውሃ ካለበት ክፍል ሆኖ መስኮት ጐደለኝ ቢል ያስቀናል እንጂ አያሳዝንም አልን። በአገር ቤት ያለው ወንድማችን የቤቱን ክዳን ከሣር ወደ ቆርቆሮ ሊለውጥ አስቦ ገንዘብ አጥሮት እንደ ነበረም እናውቃለን። ስለዚህ ለእኅታችን «አያስፈልግም፤ ወይ ሁላችንም፥ ወይ ማንም» ብለን መለስን። ታላቅ ወንድም በመሆናችን ቃላችን እንደሚከበር ቈጥረን ነበር።

እናታችንም ቢጠየቁ፥ «ማደሪያ ካገኘሁ ምን ጐደለኝ? ገንዘባችሁን አታባክኑ» አሉ። ይህን ለራሳችን ምስክር አደረግነው። የአገራችን እናት «እፈልጋለሁ» የሚለውን ቃል ለልጆቿ እንጂ ለራሷ እንደማትናገረው ግን ልናውቅ በተገባን ነበር።

በማግስቱ ማታ እኅታችን ከሥራ ስትመለስ ወደ ቤታችን ጎራ አለች። ወረቀታችንን ከላይ እስከ ታች አነበበችና፥ «ወንድም ጋሼ፥ ሒሳብህ ልክ ነው። የሠራኸው ግን የራስህን ሒሳብ ነው» አለችን።

ምን ማለቷ እንደ ሆነ ብንጠይቃት እንዲህ ብላ አስረዳችን። «አንተ በየከተማው ወርደህ ትዞራለህ፤ ደረጃውን ወጥተህ ሰገነት ላይ ትቆማለህ። እማዬ በዚያ ጕልበቷ የት ትወርዳለች? ያን የሰገነት ነፋስስ እንዴት ትችለዋለች? እናንተ ስትወጡ እርሷ ክፍሏ ውስጥ ናት። ጧት ስትነቃስ መጀመሪያ የምታደርገው ምንድን ነው?» ይህን እኛም እናውቃለን። እናታችን ከጎጃም ጀምሮ ሳይነጋ ተነሥተው፥ በር ከፍተው፥ ሰማዩን ሳያዩ ቀናቸውን አይጀምሩም። በሲያትልም ቢሆን መጀመሪያ የሚገልጡት መጋረጃውን ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ግን መብራቱ ሲጠፋ ቀኑም ሌሊት ነው።

እኅታችን እርሳሱን ከእጃችን ወስዳ በወረቀቱ ጀርባ ጻፈች። ከ168 ሰዓት 56 ለእንቅልፍ፥ 21 ለማዕድ ሲነሣ 91 ይቀራል። 1,040 ለ91 ሲካፈል ለአንድ ሰዓት 12 ዶላር እንኳ አይሞላም። ያው ክፍል፥ ያው ዋጋ፥ ለእኛ 52፥ ለእናታችን ግን ከ12 ያነሰ ሆነ። ለሁሉ አንድ ዓይነት ነገር መስጠት እኩልነት ይመስለን ነበር፤ ጕልበት ላለውና ለሌለው አንድ ዓይነት ክፍል መስጠት ግን ለባለጕልበቱ ማድላት ኖሯል። በራሳችን ልክ የሰፋነውን ልብስ ለእናታችን ማልበሳችንን ያን ጊዜ ተረዳን። አፈርንም። የእናታችንና የእኅታችን ክፍል ይቀየር፥ የእኛ ይቅር ብለን ጨረስን።

ይሁን እንጂ ደብዳቤው እንደ ጠየቀን «እሺ» ብለን አልመለስንም። በታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ሲነበብ፥ ክፍሉን የሚመርጠው ድርጅቱ እንደ ሆነ፥ ከተቀበሉት በኋላም ገንዘቡ እንደማይመለስ ይናገራል። ስለዚህ ስልክ ደውለን የክፍሉን ቍጥር ጠየቅን። መጀመሪያ የሰጡን ከፍ ብሎ በመርከቡ አፍንጫ በኩል ያለ ነበር፤ ማዕበል ሲነሣ ከሁሉ ይልቅ የሚናወጠው ይኸው ጫፍ ነው። ሁለተኛው ከመዋኛው ሰገነት ሥር ስለ ነበር ጧት ማታ ወንበር ሲጐተት ይሰማል። ሦስተኛው በመርከቡ ወገብ ላይ፥ ከሊፍቱ አጠገብ፥ ከላዩም ከታቹም የመኝታ ክፍሎች ብቻ ያሉበት፥ የነፍስ አድን ጀልባዎችም የማይከልሉት ነበር። እርሱን ያዝን። አንድ ክፍል «የተሻለ» ተብሎ በተጠራ ጊዜ በምን እንደሚሻል መጠየቅ ነውር አይደለም።

ጕዞው ሲጀመር ሁለተኛው ቀን በሰፊው ውቅያኖስ ላይ ስለ ነበር መርከቡ ተናወጠ፤ መካከለኛው ክፍል ግን እናታችንን ብዙም አላስቸገራቸው። በሰኔ ወር በጁኖ አካባቢ የቀኑ ብርሃን 18 ሰዓት ያህል ስለሚቆይ፥ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ መጋረጃውን ገልጠው ብርሃን ሆኖ ሲያገኙት «የዚህ አገር ፀሐይ እንቅልፍ የላትም እንዴ?» አሉ። ስካግዌይ በደረስን ጊዜ እኛ ወደ ተራራው በሚወጣው፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1900 በተፈጸመው የባቡር መንገድ ለመሄድ ወረድን። ስንመለስ እናታችን ራሱ ነጭ የሆነ ንስር ዓሣ ሲነጥቅ ማየታቸውን፥ የወደቡን ሠራተኞች የገመድ አሳሳብ ሳይቀር አንድ በአንድ ነገሩን። ከእኛ ይልቅ ያዩት እርሳቸው ነበሩ።

አምስተኛው ቀን ግሌሸር ቤይ የሚባለው የግግር በረዶ ወሽመጥ ቀን ነው። ካፒቴን ጆርጅ ቫንኩቨር እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1794 ወደዚያ አገር በመጣ ጊዜ ወሽመጡ በግግር በረዶ የተሞላ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በረዶው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሸሽቷል። ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ስለ ሆነ በቀን ከሁለት የሽርሽር መርከብ በላይ አይገባበትም፤ የፓርኩም ጠባቂዎች ወደ መርከቡ ወጥተው በድምፅ ማጉያ ያስረዳሉ። ማርጀሪ በተባለው ግግር ፊት መርከቡ አንድ ሰዓት ያህል ቆሞ፥ ሁለቱም ጐኖች ያዩ ዘንድ ቀስ ብሎ ዞረ። እኛ በሰገነቱ ላይ ከሕዝቡ ጋር ተጋፍተን ቆመን ነበር። እናታችን እንዲያዩ ልንነግራቸው በሊፍት ስንወርድ ሳለን፥ የአገሩ ሰዎች ትሊንጊቶች «ነጭ ነጎድጓድ» የሚሉት ድምፅ ተሰማ። ቤት የሚያህል በረዶ ተገምሶ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ እናታችን ጋቢያቸውን ተከናንበው በበረንዳው ላይ ሆነው አዩት፤ እኛ ያየነው የሊፍቱን በር ነው። እናታችንም ስንገባ፥ «ይኸ ሁሉ ውሃ ቆሞ ኖሯል?» አሉን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤተ ሰቡ መሰብሰቢያ ያ በረንዳ ሆነ። ከምግብ አዳራሽ ያመጣነውን ቡና እናታችን ከቤት በያዙት ሲኒ ይቀዱልናል፤ ወንበሩ ሁለት ብቻ ስለ ሆነ እኛ በደፉ ላይ እንቀመጣለን። ስለዚህ አንዱ ክፍል ቢቀየር ጥቅሙ ለአራታችን ተረፈ።

አሁን ግን ያልተነገረ አንድ ነገር ቀርቷል። በስድስተኛው ሌሊት ባለቤታችን በጨለማው ክፍላችን ነቅታ፥ «ነግቷል ወይስ አልነጋም?» ብላ ጠየቀችን። ሰዓት አይተን ነገርናት። ጥቂት ዝም ብላ፥ «ለእማዬ ያደረጋችሁት መልካም ነው። እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም» አለች። እውነቷን ነው። የቆሎ ተማሪ ጎጆ ውስጥ ያደርነው እኛ እንጂ እርሷ አልነበረችም። እናታችንን በራሳችን ልክ መለካታችንን አምነን ያፈርን ሰዎች፥ በአጠገባችን የምትተኛውን በዚያው ልክ ለክተን ነበር። ምናልባት ብትጠየቅ ኖሮ ገንዘቡ ለወንድማችን ቆርቆሮ ይሂድ ባለች፤ ቆርቆሮው ሲገዛ ደስ ካላቸው ሁሉ ይልቅ ደስ ያላት እርሷ ነበረችና። ቢሆንም ሳይጠየቁ መስጠትና ተጠይቆ መስጠት አንድ አይደሉም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ምርጫ የቀረበለት ሰው ቢኖር ምክራችን አጭር ነው። ጕልበት ያለው፥ ቀኑን በሰገነትና በከተማ የሚያሳልፍ፥ ክፍሉን ለእንቅልፍ ብቻ የሚፈልግ ሰው መስኮት የሌለው ክፍል ይበቃዋል፤ ጨለማውም እንቅልፍ ይሰጠዋል። ሽማግሌ፥ አሮጊት፥ ሕመምተኛ፥ ወይም ዝግ ቤት የሚያስጨንቀው ሰው አብሮ ካለ ግን የበረንዳው ገንዘብ አይቈጭም። ሁሉም መክፈል ባይችል አንዱን ክፍል ብቻ ቀይሮ በዚያ መሰብሰብ ይቻላል። ከሁሉ በፊት ግን እርሳስ ከመያዝ አስቀድሞ በዚያ ክፍል የሚያድሩትን ሰዎች አንድ በአንድ መጠየቅ ይገባል፤ «ምንም አልፈልግም» የሚለውንም ሁለት ጊዜ መጠየቅ ይገባል።