ስለ ሣቅና ስለ ንቀት

ሰው ሁሉ መሣቅን ይወዳል፤ የሚያሥቀውን ሰው ግን ከክብር ወንበር አያስቀምጠውም። በጎጃም ደጋ ሠርግ ወይም ሹመት በሆነ ጊዜ አዝማሪ ይጠራል፥ ግጥሙ ይወደዳል፥ ብር ከግንባሩ ይለጠፍለታል። የቀልዱ ጫፍ ባለቤቱን ቢነካው እንኳ ባለቤቱ ከእንግዶቹ ጋራ አብሮ ይሥቃል። ነገር ግን ያው አዝማሪ በማግሥቱ መጥቶ ለልጁ የዚያን ቤት ልጅ ቢያጭ፥ ትናንት የሣቀው ፊት ሁሉ ይጠቍራል። ለጨዋታው የተከፈተው በር ለዝምድናው ይዘጋል።

ነገሩን ከሥሩ የመረመረ ሰው ግን የሚያስገርም ምሥጢር ያገኛል። አዝማሪ የሚለው ስም የወጣው ዘመረ ከሚለው ከግእዙ ግሥ ነው፤ መዝሙርና መዘምርም የወጡት ከዚያው ነው። በቅኔ ማኅሌት ጸናጽል ይዞ የሚያሸበሽበው መዘምርና በጠጅ ቤት መሰንቆ ይዞ የሚያዜመው አዝማሪ በግሥ ወንድማማቾች ናቸው። የሥፍራቸውና የግብራቸው ልዩነት ለማንም የተሰወረ አይደለም፤ ልዩነት ግን ሁሉ ጊዜ ለንቀት ምክንያት ይሆናልን? ለዚህ ጥያቄ በቃል ሳይሆን በኑሯቸው መልስ ከሰጡት ሰዎች አንዷ ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ናቸው።

የርሳቸውን ሥራ ለመመዘን አስቀድሞ የቴአትርን አመጣጥ ማስታወስ ያስፈልጋል። ቴአትር ወደ ኢትዮጵያ የገባው በሣቅ በር ነው። በ1913 ዓ.ም. ገደማ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ‹ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮሜዲያ› የተባለውን ጨዋታ ጽፈው አሳዩ፤ በአውሬዎች አፍ የሰዎችን ጕድለት የሚነቅፍ ነበር። ሰሙ የአውሬ፥ ወርቁ የሹማምንት መሆኑ በታወቀ ጊዜ ግን ቤተ መንግሥቱ አልወደደውምና ቴአትር ለጊዜው ተከለከለ። በኋላ የሥራውን ፍሬ ካበዙት መካከል የደብረ ኤልያሱ ተወላጅ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ይገኛሉ። እኒህ ሰው በጎጃም ቅኔ ቤት የለመዱትን የሰምና ወርቅ ጥበብ ይዘው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ፤ ተማሪዎችን ሰብስበው ቴአትር አስተማሩ፤ ‹አፋጀሺኝ› የተባለውንና ሌሎችንም ጨዋታዎች ጻፉ።

ነገር ግን በዚያ ዘመን ጨዋታው የሴት ስም ቢይዝም ከመድረክ ላይ ሴት አትታይም ነበር። የእናቲቱን፥ የሙሽራዪቱንና የባልቴቲቱን ክፍል ወንዶች ቀሚስ ለብሰው፥ ሻሽ አስረው፥ ድምፃቸውን አቅጥነው ይሠሩት ነበር። ሊያለቅስ የሚገባው ተመልካች እንዲህ ያለውን ሙሽራ አይቶ ቢሥቅ አይፈረድበትም። ወላጆች ሴት ልጃቸውን ለመድረክ አይሰጡም፤ ከመድረክ የቆመች ሴት አዝማሪ ትባላለችና፥ አዝማሪ መባልም በሰው ዘንድ ስድብ ነበርና።

ወይዘሮ አስናቀች የተወለዱት በ1927 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ነው። የእናት ፍቅር ሳይጠግቡ አደጉ። ክራርን የተማሩት ከመምህር እግር ሥር ተቀምጠው አይደለም፤ በገዛ ጣታቸው እየዳሰሱ፥ በገዛ ጆሯቸው እየመረመሩ አገኙት። በ1945 ዓ.ም. ገደማ ‹የፍቅር ጮራ› የተባለው ቴአትር በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት በታየ ጊዜ የሴቲቱን ክፍል ይዘው ወጡ፤ ስለዚህም በኢትዮጵያ መድረክ የመጀመሪያዋ ሴት ተዋናይ እየተባሉ ይጠራሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ በ1948 ዓ.ም.፥ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸውን ‹ዳዊትና ኦርዮን› በማሳየት ተከፈተ። ወይዘሮ አስናቀችም በኋላ ብሔራዊ ቴአትር በተባለው በዚህ ቤት፥ በተዋናይነትም በክራርም፥ ብዙ ዘመን አገለገሉ።

ጨዋታቸውን የሰሙ ሁሉ የሚመሰክሩት አንድ ነገር አለ። ትዝታን ሲያዜሙ የሰውን ልብ ያባባሉ፤ ወዲያው ደግሞ ያንኑ ወዳጅ በሽሙጥ ይወጉትና የተከዘውን ሁሉ ያሥቁታል። ግጥሙን ከቦታው ላይ ያፈልቁታል፤ ክራሩ ለቃላቸው እንደ ምርኵዝ ነው። ልቅሶና ሣቅን በአንድ ትንፋሽ ማስማማት ቀላል ጥበብ አይደለም። ጠቢቡ ሰሎሞን ለሁለቱም ጊዜያቸውን ለይቶላቸዋል፤ አባታችን አብርሃምም ከእርጅና በኋላ ያገኘው ልጅ ይስሐቅ ተባለ፥ ትርጓሜውም ሣቅ ማለት ነው። እንግዲህ ሣቅ ሁሉ ቧልት አይደለም። ድኻውን የሚያዋርድ ሣቅ አለ፥ ኃይለኛውን የሚገሥጽ ሣቅም አለ። ሁለተኛውን የጎጃም የቅኔ ሊቃውንት ራሳቸው በሰምና ወርቅ ሸፍነው ሲጠቀሙበት ኖረዋል።

ሴት ተዋናይን መናቅ በኢትዮጵያ ብቻ የታየ ነገር አይደለም። በእንግሊዝም አገር እስከ 1660 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ድረስ በሕዝብ ቴአትር የሴቶችን ክፍል ወንዶች ልጆች ይሠሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ከወጡት ሴቶች መካከል በማሣቅ የምትወዳደራት ያልነበረች ኔል ግዊን የተባለች ነበረች። በ1650 የተወለደች የድኻ ልጅ ስትሆን፥ በለንደን ቴአትር ቤት ለተመልካች ብርቱካን ትሸጥ ነበር፤ በኋላም ራሷ ወደ መድረክ ወጣች። ሳሙኤል ፒፕስ የተባለ ሹም በየዕለት መዝገቡ አድንቋት ጽፏል። ንጉሡ ዳግማዊ ቻርልስ ቅምጥ አደረጋትና ከመድረክ ራቀች፤ ሕዝቡም በአንድ አፍ ወደዳት፥ በሌላ አፍ አማት።

በ1687 በ37 ዓመቷ ስትሞት በኑዛዜዋ ለድኾችና በዕዳ ለታሰሩ ሰዎች ገንዘብ ተወች፤ ከሃይማኖቷ ውጭ ለሆኑ ድኾችም ድርሻ ለየች። የአጥቢያው ካህን ቶማስ ቴኒሰን በቀብሯ ላይ ስብከት ሰበኩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እኒህ ካህን ለኤጲስ ቆጶስነት በታጩ ጊዜ ‹ለዚያች ሴት የሰበከ› ተብለው በንግሥቲቱ ፊት ተከሰሱ። ንግሥት ማርያም ግን፥ ሴቲቱ በንስሓ ባትሞት ኖሮ እንዲህ ያለ ሰው አያመሰግናትም ነበር ብላ ክሱን እንደ መለሰች ይተረካል። ካህኑም ኤጲስ ቆጶስ ሆኑ፤ በኋላም የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ እስከ መሆን ደረሱ። ስለ ተናቀች ሴት ደግ መናገር ማዕርጋቸውን አላጐደለውም።

የጎጃም ሰው ለዚህ ምሳሌ ለመፈለግ ባሕር መሻገር ግድ የለበትም። በጽላሎ ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ከአባታቸው በኋላ የቅኔውን ወንበር ይዘው አስተምረዋል፤ ወንዶች ደቀ መዛሙርትም ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ቅኔ ተቀብለዋል። ከርሳቸው ተምሮ የተቀኘውን ሰው ‹መምህርህ ሴት ናትና ቅኔህ አይሰማም› ያለው ሊቅ አልተሰማም። ቅኔው በገዛ ራሱ ተመዘነ። የሴት ቃል በቅኔ ቤት በሚዛን ከተመዘነ፥ በመድረክ ላይ ሳይመዘን የሚናቅበት ምክንያት የልማድ እንጂ የባሕርይ አይደለም።

ወይዘሮ አስናቀች በመጨረሻው ዘመናቸው ሕመም ጸናባቸው። ዜማቸው በ2003 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በፈረንሳይ አገር በሚታተመው ‹ኢትዮፒክ› በተባለው ስብስብ በ16ኛው ክፍል ወጥቶ፥ ቋንቋቸውን የማያውቅ ሕዝብ ሁሉ ሰማው። መስከረም 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ዐረፉ። በወጣትነታቸው የመድረክን ሴት አዝማሪ ብሎ ያሽሟጠጠ አገር በዕረፍታቸው አርቲስት ብሎ አለቀሰላቸው። ስሙ ተለወጠ፤ ግን የባዕድ ቃል አምጥቶ በቀድሞው ስም ላይ መደረብ ዕዳን መክፈል አይደለም። ወርቅ ላበደረ ጠጠር እንደሚባለው ነው። ዕዳው የሚከፈለው ዛሬም በየድግሱ የሚያሥቀው ሰው በማግሥቱ እንደ ሰው ሲቈጠር፥ ልጁም እንደ ማንም ልጅ ሲታጭ ነው።

የሴቲቱ ስም ራሱ ለዚህ ነገር ኅብር ነው። አስናቀች ማለት ከናቀ የወጣ ነው፤ በአንድ ወገን እንዲናቅ አደረገች ማለት ነው፥ በሌላው ወገን ሌላውን ሁሉ በልጣ ታየች ማለት ነው። ብዙ ሰው የሰማው የፊተኛውን ብቻ ነው። በቅኔ ቤት ግን ተማሪው ሰሙን ብቻ ተናግሮ ዝም ቢል መምህሩ አያሰናብተውም፤ ‹ወርቁስ?› ብሎ ይጠይቀዋል። የዚህ ቅኔ ወርቁ ከራሷ ስም ጋራ አብሮ ሲጠራ ኖሯል።